በደንዝ ራስ ላይ የተያዘው ፍም

የወንዝገብ መዲና መንበሮ የሰመጠችው በገበያ ቀን ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለ።

ምልክቱ አስቀድሞ ታይቷል። ውሾቹ ከከተማዋ ወጥተው በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ተቀመጡ፤ ባለቤቶቻቸው ሥጋ ይዘው ቢጠሯቸውም አልመለስ አሉ። የጉድጓዱ ውኃ ለብ አለ። በአደባባዩ የተሰቀለው ታላቁ ደወል ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እጁን ያስጠጋበት ሰው ንዝረቱ እስከ ክንዱ ይዘልቀዋል እንጂ ድምፅ አልነበረውም። የወንዝገብ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና ነገሩን ክረምቱ ከመቅረቡ ጋር አያያዙት።

ኅሪት ያን ዕለት ከከተማዋ ማዶ ባለው የገደል አፋፍ ላይ ነበረች። የወንዝገብ መስፍን የእንዳሻው ታናሽ እኅት ናት። ወንድሟ የአገሩን ካርታ የማስለካቱን ሥራ ለእሷ ሰጥቷት፣ ቀላድ ጣዮቹን ይዛ አዲስ የድንበር ድንጋይ ታስተክል ነበር። የመለኪያውን ገመድ ጫፍ እንደያዘች ቀና ስትል ከተማዋ ወደ ታች ስትሄድ አየች። ጩኸት አልተሰማም። ግንቡ፣ የገበያው ዳስ፣ እናቷ ያሉበት ባለሰገነት ቤት፣ ወንድሟ ለፍርድ የተቀመጠበት አደባባይ፣ ሁሉም እንደቆመ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለና አፈሩ ከላይ ገጠመ። የርግቦቹ መንጋ ጣራ በነበረበት ከፍታ ላይ ሲዞር ዋለ፤ የሚያርፍበት አጥቶ።

ኅሪት ገመዱን አልለቀቀችም። ቀላድ ጣዮቹ መሬት ላይ እየወደቁ ሲያለቅሱ እሷ ቆማ አየች። እንባ አልመጣላትም፤ በማግስቱም አልመጣም። ምግብ ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ሲያስተኟት ትተኛለች። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከወፍራም ግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። ከየመንደሩ የመጡ ሐዘንተኞች ደረታቸውን ሲመቱ፣ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡትን ሁለት እጆች እያየች የማን እንደሆኑ ለማስታወስ ትሞክር ነበር።

ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ በሰንደራ ምድር የማያውቅ የለም። ዋጪት ተነሥታለች። ዋጪት ከምድር በታች የምትሄድ፣ ዓይን የሌላት፣ ርዝመቷ ከወንዝ የሚስተካከል ፍጥረት ናት። ቆዳዋን ብረት አይበሳውም። ሆኖም እስትንፋስ እንዳለው ሁሉ መተንፈስ አለባት፤ የምትተነፍስበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከዋጠች በኋላ ከአፈር በታች ዞራ ዞራ ወደዚያ ትመለሳለች። ስትተነፍስ ለስላሳው አካሏ ይገለጣልና ያን ቦታ ያገኘ ይገድላታል፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ግን ያገኘ አልነበረም።

ቦታው የሚታወቅበት ነገር በአራት ተከፍሎ በአራት ሣጥን ተቆልፎበት ነበር። ሰንደራ ንጉሥ ካጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ወንዝገብ፣ ቃሪዳ፣ ጎምባና ሰሜረት በየመስፍናቸው ይተዳደራሉ። እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ምድር ካርታ ይዟል፤ የሰመጠ እርሻ፣ የተዋጠ መንደር፣ የተሰነጠቀ ግንብ ሁሉ ተመልክቶበታል። ለጎረቤት ግን አይታይም። ምንጩን ያወቀ ጠላት ምንጩን ይዘጋል፣ የግንቡን ስንጥቅ ያወቀ በዚያ ይገባል እያሉ ይደብቁታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አውራጃ የዋጪትን ጉዞ ቁራጭ እንጂ ሙሉውን አይቶት አያውቅም።

የጎምባው መስፍን ላቀው መሳፍንቱን በአዳራሹ ሰበሰበ። ኅሪት የወንድሟን ቦታ ይዛ ገባች፤ ከወንዝገብ መኳንንት የተረፈ ሌላ አልነበረም። የሰሜረቱ መስፍን ዘሚካ መጀመሪያ ተነሥቶ ተናገረ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚፈራ ሰው ነው።

«የወንዝገብ ሐዘን ሐዘኔ ነው። ዳሩ ግን የምድሬን ቁስል ገልጬ ለጎረቤት አላሳይም። አባቴ የሞተው የከተማችንን የኋላ በር የሚያሳይ ካርታ ለቃሪዳ ተሽጦ ነው። የገዛው ሰው ልጅ እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጧል።»

የቃሪዳው መስፍን እጁን ወደ ሰይፉ እጀታ ሰደደ። ላቀው በመሐል ገብቶ ሊያበርድ ሲሞክር ኅሪት ከወንበሯ ተነሣች። በብብቷ የያዘችውን ብራና ወለሉ ላይ ዘረጋችና በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ይህ የወንዝገብ ነው። ምንጮቹ እነዚህ ናቸው። በቀይ የተቀባው የግንባችን ደካማ ጎን ነበር፤ አሁን ግንቡ የለም። ይህች መሥመር ክፉ ቀን ሲመጣ ወንድሜ ሕዝቡን ሊያወጣባት ያሰባት ስውር መንገድ ናት፤ አልደረሰባትም። ውሰዱት፤ ከእንግዲህ ከእኔ የሚሰረቅ የለም።» ድምፅዋ ዕቃ እንደምትቆጥር ሰው ድምፅ ነበር። «ደግ ስለሆንሁ ያሳየኋችሁ አይምሰላችሁ። ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ካርታ ምን እንደሚመስል እንድታዩ ነው። የእናንተ ገና ሰው አለበት።»

ላቀው የጎምባን ካርታ አስመጥቶ ከጎኗ ዘረጋ። የቃሪዳው ተከተለ። ዘሚካ ብዙ ቆይቶ፣ የማንንም ዓይን ሳያይ፣ የራሱን አኖረ። አራቱም ጫማቸውን አውልቀው አፈር ረግጠው ማሉ፤ «ምድር ስሚን፤ ያየነውን አንደብቅም፣ የለካነውን አናዛባም። ከዚህ ቃል ብንወጣ የረገጥነው አፈር አይሸከመን።»

ካርታዎቹን ጎን ለጎን ሲገጥሟቸው ግን እንቢ አሉ። ጎምባዎች የፀሐይ መውጫን ወደ ላይ አድርገው ይሥላሉ፤ ሰሜረቶች ወደ ታች። የወንዝገብ ቀላድ የጥንት ንጉሥ ቁመት ነው፤ የቃሪዳ ደግሞ ፍላጻ ተወርውሮ የሚያርፍበት ርቀት። አራቱን አገር የሚያጠጣው ወንዝ አንዱ ብራና ላይ ያልቅና ሌላው ላይ ከማይገናኝ ቦታ ይጀምራል። አንዲት ኮረብታ ሁለት ቦታ ቆማ ተገኘች። መሳፍንቱ አንዱ ሌላውን ዋሽተሃል ማለት ሲጀምሩ ከዘሚካ ኋላ የቆመች አሮጊት ወደ ፊት መጣች። የሰሜረት ቀላድ ጣዮች አለቃ ደብሪቱ ናት።

«ማንም አልዋሸም» አለች። «እያንዳንዱ ለብቻው ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ነው የተበላሸው። የሚያስተሳስራቸው ነገር ስጡኝ። ከአራቱም አገር የሚታይ አንድ ብርሃን። ሁሉም ከየኮረብታው ወደዚያ አነጣጥሮ አቅጣጫውን ይለካ። ከዚያ በኋላ አገጣጥማቸዋለሁ።»

«ከአራቱም አገር የሚታይ ምን አለ?» አለ ላቀው።

«ደንዝ» አለች ደብሪቱ።

ደንዝ በሰንደራ መካከል ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። ነፋሱ ከሰው አካል ስሜትን ይወስዳል፤ መጀመሪያ ከጣት፣ ቀጥሎ ከእግር፣ በመጨረሻ ከልብ። የወጣ ሰው አልተመለሰም። እንጨት አይበቅልበትም፣ ችቦ አይነድበትም። እዚያ የሚበራው ፍሕመ ልብ የሚባለው የጥንት ነገሥታት ዕንቁ ብቻ ነው፤ በሰው መዳፍ ሲያዝ የያዘውን ሰው የልብ ሙቀት እየበላ ያበራል። ዕንቁው በሰሜረት ግምጃ ቤት ነበር። ዘሚካ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አሰበና ሰጠ፤ ደብሪቱም አብራ ትሂድ አለ።

ኅሪት «እኔ እይዘዋለሁ» አለች። የተቃወማት አልነበረም፤ እሷም ቃሏ ከባድ ሆኖ አልተሰማትም።

ሦስተኛው መንገደኛ ከቃሪዳ የመጣው የዘበኞች አለቃ ናደው ነው። ማንም ሳያዝዘው ወጣ። ሠርጉ ቀርቦ ነበር፤ እጮኛው ዝማም ትባላለች፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ንብ ያረባሉ። ይህን ሁሉ ኅሪት ያወቀችው የጎምባን በር ሳይወጡ ነው፤ ናደው ሲናገር አያርፍም።

መንገዱ የሰመጡ መንደሮችን አቋርጦ ይሄዳል። ቀይ አፈር ላይ አልፎ አልፎ የጣራ ጉልላት ወጥቶ ይታያል። ደብሪቱ በየቦታው እየቆመች ትለካለች። ናደው የንቦቹን ጠባይ፣ የዝማምን አሳሳቅ፣ ሊሠራ ያሰበውን ቤት ይዘረዝራል። ኅሪት መሐል ሆና ትራመዳለች።

«እመቤቴ፣ ይሰሙኛል?» አለ አንድ ጠዋት።

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይመልሱልኝም?»

«የምመልሰው የለኝም።»

«ግድ የለም» አለ ናደው። «የሁለታችንንም እኔ አወራዋለሁ።»

ደብሪቱ ከኋላ ሳቀች። «ልጄ፣ ይህ ሰው ዋጪትን ቢያገኛት አውርቶ ይገድላታል።»

ተራራው እግር ሲደርሱ ነፋሱ ተቀበላቸው። አይገፋም፣ አያፏጭም፤ ዝም ብሎ በልብስ ውስጥ ያልፋል። ጥቂት እንደወጡ ቀድሞ የሞከሩትን አገኟቸው። ሰዎቹ በመንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ብርድ ያደረቀው ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ፤ ትከሻቸው ላይ ነጫጭ አሞሮች አርፈዋል። አሞሮቹ የሚራመድ አይነኩም፤ የሚቆመውን ይጠብቃሉ። ደብሪቱ ሁለቴ ልትቀመጥ አለች፤ ሁለቴም ናደው በብብቷ ይዞ አስነሣት። ኅሪት ግን ነፋሱ ምንም አላደረጋት። የሚወስድባት አልነበረም።

ጫፉ አጠገብ ምድሪቱ በጠባብ ገደል ተሰንጥቃለች። በገመድ ተያይዘው ሲሻገሩ ከደብሪቱ እግር በታች በረዶው ተናደ። ኅሪት ገመዱን ይዛ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ቀረቀረች። አሮጊቷ በአየር ላይ ተንጠለጠለች፤ ናደው ዞሮ እስኪደርስና እስኪስባት ድረስ ኅሪት አልተነቃነቀችም። ሦስቱም ከማዶ ሆነው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ናደው ወደ እጇ አመለከተ።

«እመቤቴ፣ እጅዎ ተልጦ እየደማ ነው።»

«አይቼዋለሁ» አለች።

ናደው ከነጠላው ጫፍ ቀድዶ እጇን ጠቀለለላት።

የተራራው አናት ላይ የደረሱት ከቀላድ ጣዮቹ ጋር በተቀጠረው ቀን ጠዋት ነው። ከዚያ ላይ ሰንደራ በሙሉ ይታያል፤ ድንበር የሚባል ግን አይታይም። በአራቱ አቅጣጫ፣ በአራት ኮረብታዎች ላይ፣ የየአውራጃው ቀላድ ጣዮች መሣሪያቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ብርሃኑን ለክቶ የጨረሰ በተወለወለ የናስ ጋሻ ፀሐይን መልሶ ያሳያል፤ ስምምነቱ ይህ ነበር።

ኅሪት ከረጢቱን ፈትታ ፍሕመ ልብን በመዳፏ ያዘች። ዕንቁው ጠቆረ እንጂ አልበራም። በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከደረቷ አስጠጋችው። እናቷን አሰበች፤ የእናቷ ፊት መጣና ሄደ። ወንድሟን አሰበች። ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

«አልበራ አለኝ» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም።

ደብሪቱ ተቀበለቻት። በአሮጊቷ እጅ ላይ ቀላ ያለ ጭላንጭል ታየ፤ ከቤት ጥግ እንኳ የሚያልፍ አይደለም። ወዲያው ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ፤ ናደውም ዕንቁውን ከእጇ ነጠቀ።

ያኔ በደንዝ ራስ ላይ ሁለተኛ ፀሐይ ወጣች። ኅሪት ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች። ናደው ዕንቁውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ቆሞ ይስቅ ነበር።

«ይህን ያህል ካበራማ ዝማም ከደጇ ሆና ታየዋለች» አለ።

ከወንዝገብ ገደል አፋፍ ላይ ጋሻ ብልጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከጎምባ። ቀጥሎ ከቃሪዳ፤ ናደው ያገሩን ብልጭታ ሲያይ እልል አለ። ከሰሜረት ግን ምንም ብልጭ አላለም።

ጠበቁ። ናደው ያወራል። ስለ ንቦቹ ጀመረና መሐል ላይ ተወው። የሚዘፍነውን ዘፈን ቃሉ ጠፋበት። ሊሠራ ያሰበው ቤት በሩ ወዴት እንደሚዞር ኅሪትን ጠየቃት፤ «ወደ ወንዙ ብለሃል» አለችው። ብርሃኑ ያው ነው። የናደው ፊት ግን ሰው እንደለቀቀው ቤት እየሆነ ሄደ።

«ደመና ነው?» አለች ኅሪት።

ደብሪቱ ወደ አገሯ አተኩራ ታያለች። «ደመና የለም። መስፍኔ እያሰበ ነው። የሰሜረት ካርታ ከሌላው ጋር ሲገጥም ዋጪት የት እንዳለች መታወቁ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ የት እንደምትሆን ጠርጥሯል። አትለኩ ብሏቸው ይሆናል።»

«የዚያች ልጅ ስም ማን ነበር?» አለ ናደው በመሐል። «ያቺ የምትስቀው።»

«ዝማም» አለች ኅሪት።

«ዝማም» ብሎ ደገመው፤ እንደማያውቀው አገር ስም።

ደብሪቱ ካባዋን አውልቃ ከብርሃኑ ፊት ዘረጋችው፤ ገለጠችው፤ ደግማ ጋረደችው። የሰሜረት ቀላድ ጣዮች በሥራ ላይ ከሩቅ የሚነጋገሩበት ምልክት ነው፤ ገመዱ ተዘርግቷል፣ ለካ ማለት ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ የቆሙት ሁሉ እሷ ያሠለጠነቻቸው ናቸው። «ለኩ፣ የኔ ልጆች» ትላለች በዝግታ። «መስፍን ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል። ለኩ።»

የናደው ክንድ ዝቅ ማለት ጀመረ። ኅሪት ከኋላው ቆማ ክንዱን ደግፋ ያዘችለት። ሰውነቱ ከበረዶው ይቀዘቅዝ ነበር። አንገቱን ዞር አድርጎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

«ይህን ለምንድን ነው የያዝሁት?» አለ።

ኅሪት የሚነገረውን ሁሉ አሰበች፤ ስለ አገር፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ሕዝቡ። አንዱም አልወጣላትም።

«ገና ያላዩት አሉ» አለችው።

ናደው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ፊቱን መልሶ ዕንቁውን ከነበረበት ከፍ አድርጎ ያዘው።

ከሰሜረት ኮረብታ ጋሻ ብልጭ አለ። ደብሪቱ ካባዋን መልሳ ደረበች። ኅሪት «አዩት፤ በቃ፣ አውርደው» ብትለው አላወረደም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት። የዕንቁው ብርሃን ሲጠፋ የናደው ትንፋሽም አብሮ ቆመ። ሲወድቅ ይዛው አብራው ተቀመጠች። አሞሮቹ ቀስ እያሉ መጡ፤ እሷም በእጇ አባረረቻቸው፤ ሲመለሱ ደግማ አባረረቻቸው።

አስከሬኑን በዚያ ገደል ማሻገር አይቻልም ነበር። ባረፈበት ድንጋይ ከመሩበት። ደብሪቱ ብራናዋን አውጥታ ትንሽ ነጥብ አኖረች። «ከዛሬ ጀምሮ የሰንደራ ካርታ ሁሉ የሚለካው ከዚህ ነው» አለች። ኅሪት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወረዱ።

አራቱ ካርታዎች በጎምባ አዳራሽ ወለል ላይ ተገጣጠሙ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ፈሰሰ። ደብሪቱ የሰመጠውን ሁሉ በከሰል እያያያዘች ስትሄድ መሥመሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ፣ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የቆመው የዘሚካ ቤተ መንግሥት ላይ ነው፤ ከዙፋን አዳራሹ በታች።

ሁሉም ወደ ዘሚካ ዞሩ። ዘሚካ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«የአዳራሼ ድንጋይ ከዓመት ዓመት ለብ ይላል። ካወቃችሁ ሁላችሁም አገሬን ለእሷ ትታችሁ ትሸሻላችሁ አልሁ።»

«አንሸሽም» አለ የቃሪዳው መስፍን።

ወደ ሰሜረት ዘመቱ። ሕዝቡ ከከተማዋ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ሠፈረ። ዘሚካ የአያቶቹን አዳራሽ የመጀመሪያ ድንጋይ በገዛ እጁ አፈረሰ። የቃሪዳ አንጥረኞች የተራራ አለት የሚሰብር ረጅም ጦር ቀጠቀጡ። የጎምባ ሰዎች ወንዙን በቦይ ጠልፈው በአዳራሹ ሥር እስከሚቆፈረው ጉድጓድ አፍ አደረሱት። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ከታች እንደ እርሻ ሜዳ የሰፋ፣ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ለስላሳ የሆነ የዋጪት መተንፈሻ ታየ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከእሱ የሚወጣው ትንፋሽ ያገኘውን ወታደር ሁሉ በፍርሃት አንበረከከው።

ኅሪት ጦሩን አነሣች። በወገቧ ገመድ አሰረች፤ ሌላውን ጫፍ ዘሚካ ተቀበላት።

«እመቤት ኅሪት» አለ፤ «በዚያ ቀን ሰዎቼን ብርሃኑን አትለኩ ብዬ ከልክዬ ነበር። ያ ሰው በእኔ ነው የሞተው።»

«ገመዱን አጥብቀው ይያዙ» አለችው።

ወረደች። ትንፋሹ አለፈባት፤ እንደ ማንኛውም ነፋስ። የእርግብግቢቱን መሐል በእግሯ ዳብሳ አገኘች፤ ጦሩን ቀጥ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ሰካችው። ምድር ጮኸች። ሰሜረት ከነመሠረቷ ተናወጠች፤ ግንቦች ወደቁ፤ ዋጪት ከአራቱ አውራጃ በታች ጅራቷን ስታወራጭ የጎምባ ጣራዎች ሳይቀሩ ረገፉ። ዘሚካ መዳፉ እስኪላጥ ስቦ አወጣት፤ ወንዙም በተከፈተው ቁስል ላይ ተለቀቀ። ውኃው ቀይ ሆኖ ሞልቶ፣ ቀይ ሆኖ ፈስሶ፣ ወደ ማታ ሲጠራ ምድሪቱ ጸጥ አለች።

ከበሮ ተመታ፤ ድግስ ተደረገ። መሳፍንቱ የአራቱ አገር ቀላድ አንድ እንዲሆን፣ ካርታውም በአራት ተገልብጦ ሁሉም የሁሉንም እንዲይዝ ተስማሙ። ስሟን እየጠሩ ፎከሩላት። ኅሪት በክብር ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሰውን ሁሉ አየች፤ ደስታው ደርሶባት እንደሆነ ውስጧን ፈተሸች፤ አልደረሰም። ድካም ብቻ አገኘች። በማግስቱ በቅሎ አስጭና ወደ ቃሪዳ ሄደች።

የወይዘሮ አትጠገብ ቤት ከመንደሩ ዳር፣ በዛፍ ላይ ከተሰቀሉ ቀፎዎች ሥር ነው። መርዶው አስቀድሞ ደርሷቸዋል። ጥቁር ለብሰው ከደጃፉ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ወጣት አጠገባቸው አለች። ኅሪት በመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችውን ንግግር ጀመረች፤ «እናቴ፣ ልጅዎ ለአራቱ አገር ሕዝብ...»

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «እግርሽ አብጧል።»

ተቀመጠች። ወጣቷ ውኃ አቀረበችላትና ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወይዘሮዋ ጠየቁ።

«አብረሽው ነበርሽ?»

«አብሬው ነበርሁ።»

«ጠራን? መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

ኅሪት ወደ ወጣቷ፣ ወደ ዝማም፣ ተመለከተች። ውሸቱ ቀላል ነበር፤ ሁለቱም በደስታ ይቀበሉት ነበር። ግን ከአፏ አልወጣም።

«አልጠራም» አለች። «ዕንቁው ሁሉን ወሰደበት። ዘፈኑን ወሰደው፣ ቤቱን ወሰደው፣ ስማችሁን ወሰደው። እኔንም አላወቀኝ። መጨረሻ ላይ ይህን ለምን እንደያዝሁት ንገሪኝ አለኝ። ገና ያላዩት አሉ አልሁት።»

ዝማም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወይዘሮ አትጠገብ አልተንቀሳቀሱም።

«ከዚያስ?»

«ያዘው።»

«ለምን እንደያዘው ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ። ካዩትም በኋላ አላወረደውም። ጣቱን ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮዋ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው የኅሪትን እጅ አነሡና መዳፏን ገልብጠው ያዩት ጀመር፤ የገመዱን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ማር የሚቆርጥ ሰው እጅ ሻካራ ነው። ኅሪት መጀመሪያ እንደ ልማዷ አየችው። ከዚያ አመማት። እጇን ልትስብ አለችና ተወችው።

«ያማል?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አዎ» አለች ኅሪት።